ከመሪው ጀርባ፦ «ሰው ገጭቼ አላውቅም፤ ካሜራው ለምን እኔን ይቀጣኛል?»

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የምሠራው ግን ዲሲ ውስጥ ነው። ኡበርም ሊፍትም እነዳለሁ። 14 ዓመት ስነዳ ሰው ገጭቼ አላውቅም። የሰው መኪና እንኳን ጭሬ አላውቅም። አልጠጣም። እየነዳሁ ስልክ አልነካም። ተሳፋሪዎቼ የሰጡኝ ነጥብ 4.97 ነው።

ባለፈው ወር ብቻ አራት የካሜራ ቲኬት መጣብኝ። ሦስቱ 25 ማይል በተባለ መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ቢያዩት በዚህ ሦስት፣ በዚያ ሦስት መስመር ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ መንገድ 25 ይባላል? አንዱን የቆረጠብኝ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ዝር የሚል ሰው አልነበረም። የአንዱ ወረቀት ደግሞ ወደ ድሮ አድራሻዬ ሄዶ፣ ሳላውቀው 100 ዶላሩ 200 ሆኖ ጠበቀኝ። በጎኔ በ60 የሚበር ልጅ ያልፈኛል። ታርጋው የወረቀት ነው፤ እሱን ማንም አይነካውም።

እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ ካሜራ ለደህንነት ነው ወይስ እንደኔ ያለውን ሰላማዊ ሹፌር ኪስ ለማራቆት?»

ሹፌሩ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለኡበር ሹፌር 100 ዶላር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱና የመኪናው ወርሃዊ ክፍያ ሲቀነስ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የተለፋበት አንድ ቀን ነው። እኔም ዲሲ ውስጥ 19 ዓመት ታክሲ ነድቼ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። አሁን መንዳት አስተምራለሁ።

መጀመሪያ የማልስማማበትን ልንገርህ። ካሜራው ደህና ሹፌር እየለየ የሚቀጣ አይመስለኝም። ቅር የሚያሰኙ ነገሮች አሉ፤ እመጣባቸዋለሁ። ይሄኛው ግን ከነሱ ውስጥ አይደለም።

ቲኬቶቹን አውጣና ጠረጴዛ ላይ ዘርጋቸው። እያንዳንዱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ ለመንገዱ የተፈቀደው ፍጥነት ነው፤ ሌላው አንተ የነዳህበት። ዲሲ ውስጥ ካሜራው የሚልከው የ100 ዶላር ቅጣት የሚጀምረው ከተፈቀደው 11 ማይል ስታልፍ ነው። ከ11 እስከ 15 ካለፍክ 100፣ ከ16 እስከ 20 ከሆነ 150፣ ከ21 እስከ 25 ከሆነ 200 ዶላር ነው። ስለዚህ 25 በሚል መንገድ ላይ 100 ዶላር የተቀጣ ሰው፣ ቢያንስ በ36 ይሄድ ነበር ማለት ነው። በ28 አልተያዝክም። በ32ም አልተያዝክም። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ከተፈቀደው በ12 ማይል ካልበለጥክ ካሜራው አይቀጣህም። «ሳላስበው ትንሽ አለፈብኝ» ለሚል ሰው አሥር ማይል ሙሉ ተትቶለታል።

እንግዲህ ደህና ሹፌር ሳይታወቀው 36 የሚገባው ለምንድን ነው? እኔ በየሳምንቱ የማየው ነገር አለ። ተማሪዎቼን ሃይዌይ ላይ ለ20 ደቂቃ በ55 ካስነዳኋቸው በኋላ ወደ ከተማ እንወጣለን። ባዶ መንገድ ሳገኝ የፍጥነት ቁጥሩን ለአፍታ በእጄ እሸፍነዋለሁ። «አሁን በስንት እየሄድክ ነው?» እላለሁ። «በ25» ይሉኛል። እጄን ሳነሳ 38 ነው፤ አንዳንዴም 40። እየዋሹኝ አይደለም፤ እንደዚያ ነው የሚሰማቸው። ዓይን ፍጥነትን ይለምዳል። ከ395 ሃይዌይ ወጥቶ ከተማ የገባ ሰው፣ በ35 ሲሄድ የቆመ ይመስለዋል። ችሎታ ይህን አያድንም። እንዲያውም ብዙ የነዳ ሰው ስሜቱን ስለሚያምን ቁጥሩን ማየት ይተዋል።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 25 በሚል መንገድ ላይ በ38 ተያዝኩ። በጣም ተናደድኩ። ምልክቱን ዛፍ ሸፍኖታል ብዬ ልከራከር ቆረጥኩና ፎቶ ላነሳ ወደ ቦታው ተመለስኩ። ኦክቶበር መጨረሻ ነበር። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እየጨለመ ነው። ምልክቱን አየሁት። ቅርንጫፉ ጠርዙን ነክቶታል እንጂ አልሸፈነውም። ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መኪናዬን አቁሜ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ትንሽ ቆምኩ። አውቶቡስ መጣና አንዲት ሴት ወረደች። በአንድ እጇ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ በሌላው ሁለት የአስቤዛ ከረጢት ይዛለች። መሻገሪያ መብራቱ ሁለት ብሎክ ይርቃል። ግራና ቀኝ አየች። አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳርፋ መለሰችው። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ተመለሰች። በመጨረሻ ከረጢቶቹን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ልጁን አቀፈችና ሮጠች። እስከ ግማሽ ደረሰች። ቢጫው መስመር ላይ ቆመች። ከፊቷም መኪና፣ ከኋላዋም መኪና ያልፋል። የልጁ ጫማ ሶሉ ላይ መብራት ነበረው። እግሩን ባወዛወዘ ቁጥር ቀይ ብልጭ ይላል። ጨለማው ውስጥ ጎልቶ የሚታየው እሱ ብቻ ነበር።

ከሚያልፉት መኪኖች መሃል አንድም እብድ ሹፌር አላየሁም። አንደኛውን ባለታክሲ አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ሰው ነው። ሁሉም የሚሄዱት እኔ በሄድኩበት ፍጥነት ነው። ወደ ቤቴ ተመለስኩና ሳልከራከር ከፈልኩ።

ስለ ንጋቱ 11 ሰዓት ደግሞ ልንገርህ። «ዝር የሚል ሰው አልነበረም» ብለሃል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አንድ እሁድ ንጋት፣ ሰው ዳለስ ኤርፖርት አድርሼ ስመለስ፣ በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ እሄዳለሁ። መንገዱ ባዶ ነው። ከቆሙ ሁለት መኪኖች መሃል አንዲት እናት ብቅ አሉ። ወደ ቅዳሴ እየሄዱ ነው። ነጠላ ለብሰዋል፤ ብርድ ስለሆነ ግን ጥቁር ካፖርት ደርበውበታል። የታየኝ በካፖርቱ ሥር ያለችው የነጠላው ጥለት ናት። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። መኪናው ሲቆም በእኔና በሳቸው መካከል የአንድ እርምጃ ክፍተት ነበር። ሚዛናቸውን ሲስቱ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ከዚያ በመስታወቱ አዩኝና «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ተሻገሩ።

በዚያ ሰዓት በ24 ነበር የምሄደው። በ24 የሄድኩት ከሌላው ሹፌር ስለምሻል አይደለም። ግማሽ ብሎክ ከፊቴ ካሜራ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ሂሳቡን እንየው። 25 ማይል በሰዓት ማለት በሰከንድ 11 ሜትር ነው። ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስዳል። በዚያ ውስጥ መኪናው ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ከዚያ ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ወደ 9 ሜትር ይፈልጋል። በጠቅላላው 26 ሜትር። በ40 ማይል የሚሄደው መኪና ግን፣ ሹፌሩ ገና ፍሬኑን ሳይነካ 27 ሜትር ሄዷል። በ25 የሚሄደው ቀጥ ብሎ በቆመበት ቦታ ላይ፣ በ40 የሚሄደው በሙሉ ፍጥነቱ ነው የሚያልፈው። እናትየው እዚያ ቆመው ነበር።

ከመታ በኋላ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ። ኤኤኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር የሹፌር ጠላት አይደለም፤ መንገድ ላይ ስትቀር መኪናህን የሚጎትትልህ እሱ ነው። የሱ የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በ23 ማይል የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በአማካይ 10 ከመቶ ነው። በ32 ማይል 25 ከመቶ ይሆናል። በ42 ማይል 50 ከመቶ። ለሽማግሌ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ከ25 ወደ 36 መውጣት ለሹፌሩ ምንም አይመስለውም። ለሚሻገረው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

14 ዓመት ሰው አለመንካትህን አከብራለሁ። ግን ዝቅተኛው ፍጥነት የተደረገው ላንተ ስህተት ብቻ አይደለም። ለእግረኛው ስህተትም ነው። እናትየው መብራቱ ጋ መሻገር ነበረባቸው። ያቺም ሴት ሁለት ብሎክ መሄድ ነበረባት። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለቱም ግን ሞት አይገባቸውም። ያንተን ጉብዝና ማንም አልካደም። ጉብዝናህ ግን ከቆመ መኪና ጀርባ ያለውን ሰው አያሳይህም።

ስንት ደቂቃ ታተርፋለህ ብለን ደግሞ እንጠይቅ። ሦስት ማይል መንገድ በ25 ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። በ35 አምስት ደቂቃ። ያውም መብራት ጨርሶ ካልያዘህ ነው። ዲሲን ታውቀዋለህ፤ ያቺን ሁለት ደቂቃ የሚቀጥለው ቀይ መብራት ይወስዳታል።

ይሠራል ወይ ለሚለው፣ እዚሁ አጠገባችን መልስ አለ። ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2007 የፍጥነት ካሜራ ሲያቆም ከሜሪላንድ የመጀመሪያው ነበር። ከሰባት ዓመት ተኩል በኋላ የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ የደህንነት ተቋም መንገዶቹን ካሜራ ከሌላቸው የቨርጂኒያ መንገዶች ጋር አወዳደረ። ካሜራ ባለበት መንገድ ላይ ከአሥር ማይል በላይ አልፎ የመንዳት ዕድል በ59 ከመቶ ቀንሷል። ግጭት ሲደርስም ሰው የመሞት ወይም ክፉኛ የመጎዳት ዕድሉ በ19 ከመቶ ቀንሷል። እዚያው ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስንት የኛ ሰው በእግሩ እንደሚሄድ ታውቃለህ።

አሁን እውነት ወዳለህበት ልምጣ።

ስለ መንገዱ ስፋት ያልከው ልክ ነው። ስድስት መስመር ዘርግቶ 25 የሚል ሰሌዳ መትከል ግማሽ ሥራ ነው። ሰሌዳው 25 ይላል፤ አስፋልቱ ግን በ45 ና ይልሃል። ሰው ደግሞ ከሰሌዳው ይልቅ አስፋልቱን ይሰማል። መንገዱን ማጥበብ፣ መሃሉ ላይ እግረኛ ተርፎ የሚቆምበት ደሴት መሥራት፣ ማቋረጫውን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ማምጣት፣ ይሄ ሁሉ የከተማው ዕዳ ነው። አንድ ካሜራ በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ ያንኑ ያህል ሰው የሚይዝ ከሆነ፣ ችግሩ የሹፌር ብቻ ሳይሆን የመንገዱም ነው። ሸክሙ ደግሞ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ዲሲ ፖሊሲ ሴንተር የሚባለው የጥናት ተቋም በ2018 ባወጣው ጽሑፍ፣ የካሜራ ቅጣቱ በብዛት የሚያርፈው ነዋሪው በአብዛኛው ጥቁር በሆነባቸው ሰፈሮች እንደሆነ አሳይቷል። ሰፋፊዎቹና መሻገሪያ ያጡት መንገዶች የሚበዙትም ወደዚያው ነው። ለነዚያ ሰፈሮች ከቅጣት ወረቀት በፊት አስፋልት ሊስተካከልላቸው ይገባ ነበር። ይሄ እኔን በጣም ያበሳጨኛል።

ስለ ገንዘቡም ጥርጣሬህ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ባልቲሞር ምን እንደሆነ አስታውስ። በ2012 ቀይ መብራት ላይ የቆመ መኪና፣ የፍሬን መብራቱ እየበራ፣ 25 በሚል መንገድ ላይ በ38 ሄደሃል ተብሎ ቲኬት ደረሰው። ነገሩ ሲመረመር ስህተቱ የአንድ ካሜራ አልነበረም። ከተማው በ2013 ካሜራዎቹን አጠፋ። እንደገና የጀመረው በ2017 ነው። በመሃሉ፣ በ2014፣ ሜሪላንድ ሕጓን አጠበቀች፤ አንዱ ጉዳይ ለካሜራ ኩባንያ በቲኬት ብዛት መክፈል ነበር። በቲኬት ቁጥር የሚከፈለው ኩባንያ ቲኬት ማብዛት እንደሚፈልግ ለመረዳት መማር አያስፈልግም። ስለዚህ እያንዳንዱን ፎቶ እየው። ታርጋው ያንተ ነው? አጠገብህ ሌላ መኪና አለ? ልክ ካልመሰለህ ተከራከር፤ መብትህ ነው።

ሌላው ቅሬታዬ የቅጣቱ መጠን ነው። 100 ዶላር ለአንዱ ምሳ ነው፤ ላንተ የአንድ ቀን ጉልበት። ፊንላንድ ውስጥ ከባድ የፍጥነት ቅጣት በሰውየው ገቢ ይተመናል። እዚህም ቢሆን ደስ ይለኛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን እጥፍ የሚሆነው ነገር ነው። ዲሲ ውስጥ በቀነ ገደቡ ካልከፈልክ ወይም ካልተከራከርክ 100 የነበረው 200 ይሆናል። ይሄ ፍጥነትን አይቀጣም፤ ድህነትንና የጠፋ ፖስታን ነው የሚቀጣው። በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ካንተ ጎን ነኝ።

እስኪስተካከል ድረስ ግን ራስህን ጠብቅ። አድራሻህን ዛሬውኑ ቨርጂኒያ ዲኤምቪ (መኪና የሚመዘገብበት ቢሮ) ጋ አስቀይር፤ ወረቀቱ የሚላከው መኪናው ወደተመዘገበበት አድራሻ ነው። ፖስታም አትጠብቅ። የዲሲ ዲኤምቪ ድረ ገጽ ላይ ታርጋህን አስገብተህ ያለብህን ቲኬት ማየት ትችላለህ። እኔ ታክሲ እያለሁ በየወሩ መጀመሪያ፣ የቤት ኪራይ በምከፍልበት ቀን አይ ነበር። ሳይከፈል 60 ቀን ያለፈው ቲኬት ሁለት ከሞላብህ መኪናህ ላይ ቡት፣ ማለትም ጎማ የሚቆልፍ ብረት፣ ሊገባበት ይችላል። ያን ቀን ሥራ የለህም ማለት ነው።

የመጨረሻው፣ ያ የወረቀት ታርጋ ለጥፎ በ60 የሚያልፍህ ልጅ። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። በማርች 2023 እዚሁ ዲሲ፣ ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ላይ ከፖሊስ የሚሸሽ መኪና በተቃራኒው መስመር ገብቶ ሌላ መኪና መታ። ሦስት ሰው ሞተ። የተመታው መኪና ሊፍት ነበር። ሹፌሩና ሁለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው የሞቱት። ያንተው የሥራ ባልደረባ፣ ሌሊት እንጀራውን የሚፈልግ ሰው። የመታው መኪና ከ40 በላይ ያልተከፈለ ቲኬት ነበረበት። ካሜራው ከ40 ጊዜ በላይ «ይሄ መኪና ሰው ይገድላል» ብሎ ተናግሯል። የሰማው ሰው የለም። ዲሲ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን መኪና በካሜራ ቲኬት ፈቃዱን ማሳገድ አይችልም ነበር። በ2024 የወጣው ስቲር የሚባለው ሕግ የዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሌላ ስቴት የሚመጡትን ደጋግመው የሚያጠፉ ሹፌሮች ፍርድ ቤት እንዲያቆም ሥልጣን ሰጥቶታል። ጥሩ ነው። ለሦስቱ ግን አልደረሰላቸውም።

አየህ ወንድሜ፣ ካሜራው አንተን በመያዙ አይደለም የምናደደው። አንተን ይዞ 100 ዶላር ሲያስከፍል፣ ያንን የሮክ ክሪኩን መኪና አርባ ጊዜ አይቶት ምንም አለመደረጉ ነው። የሚያስፈልገው ካሜራውን መንቀል አይደለም። ካሜራው ያሳየውን ሰው ተከታትሎ መያዝ ነው።

ለተማሪዎቼ የማሳየውን ልጨምርልህ። ከሃይዌይ ስትወጣ የመጀመሪያው መብራት ላይ ቁጥሩን ጮክ ብለህ አንብበው። ተሳፋሪ ካለ በልብህ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከመያዝህ በፊት እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ፤ ብዙ ሰው የሚያዘው ሳይረግጥ፣ መኪናው በራሱ ሲንደረደር ነው። የዲሲ የሰፈር መንገዶች ደግሞ ሌላ ምልክት ከሌለ ከ2020 ጀምሮ 20 እንጂ 25 አይደሉም። ይሄን ያልሰሙ ሹፌሮች አሁንም ብዙ ናቸው።

ጥያቄ

«ልጄ 19 ዓመቱ ነው። የኔን መኪና ይዞ ወጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ካሜራ አነሳው። ወረቀቱ በኔ ስም ነው የመጣው። መንጃ ፈቃዴ ላይ የጥፋት ነጥብ ይያዝብኛል? ኢንሹራንሴስ ይጨምራል?»

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ አትደንግጪ። ሜሪላንድ ውስጥ የፍጥነት ካሜራ ቲኬት ነጥብ የለውም። ለኢንሹራንስም አይቆጠርም። ወደ ባለቤቱ የሚመጣው ካሜራው የሚያውቀው ታርጋውን እንጂ የነዳውን ሰው ስላልሆነ ነው። ቅጣቱ ለብዙ ዓመት 40 ዶላር ብቻ ነበር። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ግን እንደ ፍጥነቱ ይለያያል፤ ከ40 ተነስቶ እስከ 425 ዶላር ይደርሳል። ወረቀቱ ላይ ልጅሽ ስንት እንዳለፈ እዪ። 12 ወይም 13 ማይል ከሆነ ዓይኑ ሃይዌይ ለምዶ ነው። 25 ወይም 30 ማይል ካለፈ ግን እሱ ሌላ ነው፤ ቁልፉን ለጊዜው ውሰጂበት።

እዚያ የትምህርት ቤት ካሜራ የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ የተያዘበትን ሰዓት አብራችሁ አንብቡ። አትጩሂበት። ፎቶውን ፊቱ አድርጊና ከራሱ ኪስ ይክፈል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ አጠገቡ ተቀምጠሽ በዚያው መንገድ አስነጂው። እናቱ አጠገቡ ያለችበት መንገድ አይረሳውም።

ጥያቄ

«ዌዝ የሚባለው የስልክ መንገድ ጠቋሚ ካሜራ ሲቃረብ ይነግረኛል፤ ጓደኛዬ ደግሞ ራዳር ማወቂያ ግዛ ይለኛል። የቱ ይሻላል?»

አንባቢ፣ ከፎልስ ቸርች

መልስ

ራዳር ማወቂያ ቨርጂኒያም ዲሲም ውስጥ የተከለከለ ነው። ብርህን አታባክን። ዌዝ ችግር የለውም፤ ግን የምትጠቀምበትን መንገድ ተጠንቀቅ። ካሜራው ጋ ሲደርስ ፍሬን ጠልዞ፣ ካለፈ በኋላ ነዳጁን የሚረግጥ ሹፌር ከኋላው ያለውን ያስጨንቃል። የስልኩን ድምፅ ካሜራ ለማምለጥ ሳይሆን ቁጥሩን ለማየት ማስታወሻ አድርገው። የተፈቀደውን ፍጥነትም ስክሪኑ ላይ ያሳይሃል።

ጥያቄ

«ልጄ፣ እኔ ግን የማመለክተው የተገላቢጦሹን ነው። ብራይትውድ ነው ቤታችን። ጡረታ ላይ ነኝ። መንገዳችን ጠባብ ናት፤ መኪናው ግን አሥራ ስድስተኛ መንገድ ሲዘጋ በኛ በር ይበራል። የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። ካሜራ እንዲተክሉልን ለማን አቤት ይባላል?»

አያት፣ ከዲሲ

መልስ

አባባ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ደስ አለኝ። ወደ ከተማው አገልግሎት ስልክ፣ 311 ይደውሉ ወይም ልጆችዎ በኢንተርኔት ያስገቡልዎ። «የትራፊክ ደህንነት ጥያቄ» ይበሏቸው። ካሜራ ብቻ አይጠይቁ። ለጠባብ የሰፈር መንገድ እብጠት፣ ማለትም መኪናውን የሚያዘገየው ጉብታ፣ ከካሜራ ይሻላል። የካሜራው ወረቀት ከሳምንታት በኋላ በፖስታ ሲመጣ ሹፌሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ጉብታው ግን እዚያው ነው የሚያዘገየው።

ከመደወልዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። ትምህርት ቤት በሚገባበት ሰዓት በረንዳዎ ላይ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ስንት መኪና እንዳለፈ፣ ስንቱ የማቆሚያ ምልክቱ ጋ ሳይቆም እንደሄደ በወረቀት ይመዝግቡ። ሦስት ቀን ያድርጉት። ጎረቤቶችዎም በየራሳቸው ይደውሉ፤ የአንድ ሰው ጥያቄና የአሥር ሰው ጥያቄ እኩል አይታይም። ሲያመለክቱ የጥያቄ ቁጥር ይሰጥዎታል። በደንብ ያስቀምጡት። ለኔም ይላኩልኝ፤ በየወሩ ከእርስዎ ጋር እከታተለዋለሁ።